የዙሪያ ጥምጥም መሥሪያ ቤት፤ ስለ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍና መልስ ስላጣ አንድ ደብዳቤ

የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ሒሳቡን ይይዝ የነበረው በወረቀት ብቻ ሳይሆን በእንጨት ነበር። አንድ ሰው ለመንግሥት ገንዘብ ሲከፍል የገንዘቡ ልክ በእንጨቱ ላይ በቢላዋ እየተቆረጠ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያም እንጨቱ ለሁለት ይሰነጠቅና አንደኛው ፍንካች ለከፋዩ ሲሰጥ ሁለተኛው ከግምጃ ቤቱ ይቀራል። ጥርጥር በተነሣ ጊዜ ሁለቱን ፍንካቾች ማጋጠም ብቻ ይበቃል። ፊደል የቆጠረ ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ብልኀት የሚናቅ አልነበረም። የሚያስገርመው ጽሕፈት ከተስፋፋ፣ ባንክም ከተቋቋመ በኋላ ልማዱ ሳይነካ መቆየቱ ነው። በ1782 የወጣው ሕግ እንጨቱ እንዲቀር ወሰነ፤ ነገር ግን በሥራው ላይ ያሉት ሹማምንት እስኪሞቱ ወይም እስኪለቁ ድረስ ይጠበቅ ስለ ተባለ ልማዱ ፈጽሞ የቆመው በ1826 ነው። እነዚያን ሹማምንት ላለማስቀየም ሲባል አንድ መንግሥት አርባ አራት ዓመት ሙሉ በእንጨት ላይ ሲቆርጥ ኖረ ማለት ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረበት በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1834 የተከመረው አሮጌ እንጨት ቦታ ስለ አጣበበ ይወገድ ተባለ። በአካባቢው ማገዶ ያጡ ድኾች ሞልተው ነበር፤ ነገር ግን እንጨቱ የመንግሥት ንብረት ነውና በሥርዐት መወገድ አለበት ተብሎ ከሎርዶች ምክር ቤት ሥር ባሉት ምድጃዎች እንዲቃጠል ታዘዘ። ምድጃዎቹ ከልክ በላይ ጋሉ፤ ኦክቶበር 16 ቀን ማታ የሎርዶቹም ሆነ የሕዝቡ እንደራሴዎች ምክር ቤት በእሳት ጋየ።

ጁን 27 ቀን 1855 በለንደን ድሩሪ ሌን በሚባለው ቴአትር ቤት ለተሰበሰበው ሕዝብ ይህን ታሪክ እያሳቀ የነገረው ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ነው። ስብሰባውን የጠራው የአስተዳደር ማሻሻያ ማኅበር ነበር። ዲከንስ ስለ ፖለቲካ በአደባባይ መናገር እምብዛም አይወድም ነበር፤ ያን ዕለት ግን ተናገረ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር 1855፣ «ትንሿ ዶሪት» የተባለው ረዥም ልብ ወለድ ታሪኩ በየወሩ በክፍል በክፍል እየታተመ ይወጣ ጀመር። የመጨረሻው ክፍል የወጣው በጁን 1857 ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ «ሰርከምሎኩሽን ኦፊስ» የተባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይገኛል። ስሙን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የዙሪያ ጥምጥም መሥሪያ ቤት» ብንለው ከሐሳቡ የራቅን አይመስለኝም። መጽሐፉ በጠቅላላው የቢሮ ታሪክ ነው ለማለት አይቻልም፤ ፍቅርም፣ ድኽነትም፣ የእስር ቤት ኑሮም ሰፊ ቦታ አላቸው። ነገር ግን ስለ ዘመናዊ ጽሕፈት ቤት ከንቱ ልማድ ከተጻፉት የሚያስቁ ገጾች መካከል እነዚህ በመጀመሪያው መደብ የሚቆጠሩ ናቸው። የእኔም ሐሳብ ዲከንስ እነዚህን ገጾች እንዲጽፍ ምን እንዳነሣሣው፣ የመንግሥት ሠራተኞችስ እንዴት እንደ ተቀበሉት፣ በመጨረሻም ነገሩ ልብ ወለድ መሆኑ ቀርቶ የእኛን ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ቴዎድሮስን እንዴት እንደ ነካ ለአንባብያን ለመግለጽ ነው።

ዲከንስ ስለ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ያወቀው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። አባቱ የባሕር ኃይሉን ደመወዝ በሚከፍለው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ። ደመወዙ የሚናቅ አልነበረም፤ አያያዙ ግን መጥፎ ስለ ነበረ በ1824 ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ በተበደረው 40 ፓውንድ ምክንያት ማርሻልሲ በሚባለው የባለዕዳዎች እስር ቤት ገባ። ልጁ ቻርልስ በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ሲሆን የጫማ ቀለም በሚሠራበት ቤት ተቀጥሮ በብልቃጥ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። የመጽሐፉ ባለታሪክ ትንሿ ዶሪትም የተወለደችው በዚሁ በማርሻልሲ እስር ቤት ውስጥ ነው። አባቷ ከ20 ዓመት በላይ ታስሮ ሲኖር ስለ ዕዳው ዝርዝር የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ከባለገንዘቦቹ አንዱ ግን ያ የዙሪያ ጥምጥም መሥሪያ ቤት እንደ ሆነ ይነገራል።

ልጅነቱ ሐዘኑን ሰጠው፤ ቁጣውን የሰጠው ግን ጦርነት ነበር። በ1854 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ሩሲያን በክሪሚያ ወጉ። በዚያ ክረምት የእንግሊዝ ሠራዊት ከጠላት ጥይት ይልቅ በብርድ፣ በረኀብና በበሽታ አለቀ። ችግሩ ስንቅ ከአገር አለመላኩ አልነበረም። ስንቁ በባላክላቫ ወደብ ተራግፎ ወታደሩ ከጥቂት ኪሎሜትር ርቀት ላይ ይራብ ነበር። የድድ መድማትና የሰውነት መድከም የሚያመጣውን ስከርቪ የተባለ በሽታ የሚከላከል የሎሚ ጭማቂ በዲሴምበር ወር በብዛት ገባ፤ ነገር ግን የሎሚ ጭማቂ በወታደሩ የዕለት ቀለብ ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈምና እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ሳይታደል ተቀመጠ። መድኀኒቱና በሽተኛው ሁለት ወር ሙሉ ተያይተው ከረሙ።

ለአገራችን አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው የቡናው ነገር ይመስለኛል። ለወታደሩ የተላከው ቡና ጥሬውን ነበር። የስንቅ ክፍሉ ምክንያት ነበረው፤ የተቆላ ቡና በባሕር ጉዞ እርጥበት ያገኘውና ጣዕሙን ያጣል፤ ጥሬው ግን ይቆያል። ይህ እውነት ነው፤ በየቤታችን ያሉ እናቶችም የሚያውቁት ነገር ነው። ዳሩ ግን ጥሬ ቡና ብረት ምጣድ፣ ሙቀጫና ከሁሉ በፊት እሳት ይፈልጋል። በዚያ ተራራ ላይ ግን ማገዶ አልነበረም። ወታደሩ ያገኘውን ሥራ ሥርና ጭራሮ አቀጣጥሎ ለመቁላት፣ በመድፍ ጥይትም ለመውቀጥ ይጥር ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ግን ቡና ለሠራዊቱ ታድሏል፤ ሒሳቡም ትክክል ነው።

ይህ ሁሉ በጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ተናወጠ። በጃንዋሪ 1855 ስለ ሠራዊቱ ሁኔታ ምርመራ ይደረግ የሚል ሐሳብ በምክር ቤት ቀርቦ በ305 ድምፅ በ148 ላይ አለፈ፤ የሎርድ አበርዲንም መንግሥት ወደቀ። በካቢኔው ውስጥ ትልቅ ቦታ የነበራቸው ሎርድ ጆን ረስል ይህን ሐሳብ ለመቃወም አልችልም ብለው ከድምፁ በፊት ሥራቸውን ለቀው ነበር። ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለንና አንባቢ ይህን ስም እንዲያስታውስ እለምናለሁ።

ወደ መጽሐፉ እንግባ። አርተር ክሌናም የሚባል ነጋዴ ብዙ ዘመን በቻይና ኖሮ ወደ አገሩ ሲመለስ ያን በእስር ቤት ያረጀ ሽማግሌ ያገኛል። ልቡ ስለ ራራ ባለገንዘቦቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ ዕዳውስ እንዴት ሊዘጋ እንደሚችል ለመጠየቅ ወደ ዙሪያ ጥምጥም መሥሪያ ቤት ይሄዳል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለማወቅ እፈልጋለሁ ይላል። በዚያ ግቢ ውስጥ ግን ለማወቅ መፈለግ እንደ ነውር ይቆጠራል። የሹሙ ልጅ ባለ አንድ ዐይን መነጽር ወጣት ነው፤ መነጽሩ ካይኑ ላይ አልቆም እያለ ያስቸግረዋል፤ እንግዳው የመጣው በቀጠሮ አለመሆኑንም ሲሰማ ይደነግጣል። አባትየው በቤቱ ተቀምጦ፣ እግሩን ሪህ ይዞት፣ ቃላቱን እያደላደለ ምንም የማይባልበትን ንግግር ይናገራል። ከዚያ በኋላ ክሌናም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይላካል፤ በመጨረሻም የሚሞላ ፎርም በእጁ ጭነው ያሰናብቱታል። በአገራችን ደጅ ጥናት የሚባለውን ነገር ያየ ሰው ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ለንደን ውስጥ መሆኑን ይረሳል።

ዲከንስ ይህን መሥሪያ ቤት የሞላው በአንድ ቤተ ዘመድ ነው። ስማቸው ባርናክል ይባላል፤ ቃሉ በመርከብ ሆድ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ መርከቡንም የሚያከብድ የባሕር ፍጥረት ስም ነው። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አማች፣ የአማች ዘመድ፣ ሁሉም በመንግሥት ሥራ ላይ ተለጥፈዋል። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ሹመት የሚገኘው በአማላጅ ስለ ነበረ ይህ ፈጠራ ከእውነቱ ብዙ የራቀ አልነበረም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የእኛ ተረት ለንደንም ቢነገር አስተርጓሚ ባላስፈለገው ነበር።

የዚህ መሥሪያ ቤት ትልቁ ጥበብ አንድ ነገር እንዳይደረግ ማድረግ ነው። ዳንኤል ዶይስ የሚባል የእጅ ጥበብ ዐዋቂ ለአገሩ የሚጠቅም ነገር ከፈለሰፈ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ፈጠራውን ለመንግሥት ባቀረበ ቁጥር ግን እንደ ወንጀለኛ ይታያል። ይጠይቁታል፤ ይመልሳል፤ መልሱ ወደ ሌላ ክፍል ይመራል፤ ከዚያ ተመልሶ ስለ መልሱ ይጠየቃል። በመጨረሻ ወደ ባዕድ አገር ሄዶ ሲያገለግል አክብረው ይሸልሙታል። ከዚህም የሚብስ አለ፤ ያ ሽማግሌ እስረኛ ሳይታሰብ ትልቅ ውርስ አግኝቶ ዕዳውን ልክፈል ባለ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን እንዴት እንደሚቀበልና ደረሰኝ እንዴት እንደሚጽፍ ለማወቅ ስድስት ወር ፈጀበት። መንግሥት ገንዘብ ሲከፈለው ስድስት ወር የሚያስብ ከሆነ ሲጠየቅ ስንት ዓመት እንደሚያስብ አንባቢ ይገምተው።

በሌላ ስፍራ ደግሞ ከቤተ ዘመዱ አንዱ በምክር ቤት ተነሥቶ መሥሪያ ቤቱን ከሐሜት ያድናል። በስድስት ወር ውስጥ 15,000 ደብዳቤ ተቀብሎና ጽፎ፣ 24,000 የውስጥ ማስታወሻ፣ 32,517 ደግሞ ሌላ መግለጫ አውጥቷል ይላል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጭብጨባው ይበረታል። ወረቀቱ ቢነጠፍ የአንዱን ታላቅ ጎዳና ግራና ቀኝ አልብሶ እንደሚተርፍ፣ ፋይል የሚታሰርበትም ቀይ ጥብጣብ ከከተማው አንድ ጫፍ እስከ ዋናው ፖስታ ቤት ድረስ ተንጠልጥሎ እንደሚደርስ ተሰልቷል። ደብዳቤዎቹ ምን እንዳስገኙ የሚጠይቅ ሰው ግን በዚያ ስብሰባ ውስጥ አልተገኘም። እኔ በየዓመቱ መጨረሻ የሥራ ክንውን ሪፖርት ከሚያዘጋጁት አንዱ በመሆኔ ይህን ክፍል ያነበብኩት ፊቴ እየቀላ ነው።

ከቤተ ዘመዱ መካከል በጣም የሚወደደው ፈርዲናንድ የሚባለው ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ሣቂታ፣ ቅን ሰው ነው። በመጨረሻ ክሌናም ራሱ በዕዳ ታስሮ ሳለ ሊጠይቀው ይመጣና እውነቱን በግልጽ ይነግረዋል። የእኛ መሥሪያ ቤት ክፉ ሐሳብ የለውም፤ የተቋቋመው ነገሮች እንዳሉ እንዲቀሩ ነው፤ ሕዝቡም ይህንኑ የለመደ ስለ ሆነ አንተ ብቻ ብትተወን ምንም አንጎዳህም ነበር የሚል ትርጉም ያለው ነገር ይለዋል። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ደግ ልጅ ነው። በመጥፎ ሹም ላይ መቈጣት ይቻላል፤ ፈርዲናንድን ግን ማን ይቈጣዋል?

ዲከንስ ለመጽሐፉ አስቀድሞ ያወጣለት ስም «የማንም ጥፋት አይደለም» የሚል ነበር። መታተም ከመጀመሩ በፊት ሐሳቡን ለውጦ በልጅቷ ስም ጠራው። ለመጽሐፉ ገበያ ሳይጠቅመው አልቀረም፤ በየወሩ ከ30,000 ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር። የቀረው ስም ግን ስለ ጽሕፈት ቤት የተባለውን ሁሉ በሦስት ቃላት የያዘ ነበር።

እንደሚጠበቀው ሁሉ የመንግሥት ሰዎች ተቈጡ። በጁላይ 1857 ኤዲንብራ ሪቪው በተባለው ከፍተኛ መጽሔት ላይ ጄምስ ፊትዝጄምስ ስቲቨን የተባለ የሕግ ዐዋቂ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ያልተማሩትን የመንግሥት ነገር እያነሡ ሕዝቡን ያሳስታሉ ብሎ ከሰሰ። የዚህ ሰው አባት በቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ለብዙ ዓመት ዋና ሹም ሆነው በትጋት ያገለገሉ ስለ ነበሩ ልጅ ለአባቱ ተቈርቋሪ ቢሆን አይፈረድበትም። ነገር ግን ለማስረጃ ሲል የሮውላንድ ሂልን ስም ጠቀሰ፤ መንግሥት አዲስ ሐሳብ የማይቀበል ከሆነ ለርካሹ የፖስታ አገልግሎት አሳቢ ለሂል እንዴት ጆሮ ሰጠ አለ። ዲከንስ የሚጠብቀው ይህን ነበር። በወሩ በራሱ መጽሔት ላይ በሰጠው መልስ የሂልን ታሪክ በቀን በቀኑ ዘረዘረ፤ ሂል ሐሳቡን በ1837 አሳትሞ ፖስታ ቤት እንደ ተሳለቀበት፣ በ1840 በሕዝብ ግፊት ሥራ ላይ ሲውል በ1842 ሂል ራሱ ከሥራው እንደ ተሰናበተ፣ ዋና ጸሐፊ ለመሆን የበቃው በ1854 እንደ ሆነ ገለጸ። መልሱ ጠላቱ ባቀበለው በትር የተመታ ነው።

ይሁን እንጂ ለሚዛን ያህል ከግቢው ውስጥ የተነሣ አንድ ሌላ ድምፅ መስማት ያስፈልጋል። አንተኒ ትሮሎፕ እንደ ዲከንስ የታወቀ ደራሲ ሲሆን ከ1834 እስከ 1867 ድረስ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በ19 ዓመቱ በዓመት 90 ፓውንድ ደመወዝ ሲቀጠር የተሰጠውን ፈተና ራሱ ሲያጫውት ይገርማል። ከጋዜጣ ጥቂት መስመር ገልብጥ ተብሎ አሮጌ የላባ ብዕር ሰጡት፤ ቀለሙን አንጠባጥቦ አበላሸው፤ ነገ ቤትህ ጽፈህ አምጣ ተባለ፤ ስለ ሒሳብ ሲጠየቅ ጥቂት ዐውቃለሁ አለ፤ በማግስቱ የጻፈውን ይዞ ሲመጣ ግን ማንም ሳያይለት ወደ ሥራ ገባ። ይህ በአማላጅ የገባ ሰው በየማለዳው ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መጻሕፍቱን እየጻፈ፣ ቀኑን በመንግሥት ሥራ እየዋለ፣ በ1852 በእንግሊዝ አቅራቢያ ባሉት ደሴቶች የመጀመሪያዎቹ የመንገድ ዳር ፖስታ ሣጥኖች እንዲቆሙ ያደረገ፣ በ1858ም ስለ ፖስታ ማስተላለፍ ስምምነት እስከ ግብፅ ድረስ የተላከ ትጉ ሠራተኛ ሆነ።

ትሮሎፕ «ሦስቱ ጸሐፊዎች» በሚለው መጽሐፉ በሌላ ወገን ሣቀ። በ1854 ሰር ስታፎርድ ኖርዝኮትና ሰር ቻርልስ ትሬቨልያን የመንግሥት ሠራተኛ በአማላጅ መቅጠር ቀርቶ በፈተና ይሁን የሚል አጭር ነገር ግን ብርቱ ሪፖርት አውጥተው ነበር። ሪፖርቱ የመንግሥት ሥራ የሰነፎችና የማይችሉ ሰዎች መጠጊያ ሆኗል እስከ ማለት ደርሷል። ትሮሎፕ በዚህ ተቀይሞ ትሬቨልያንን ሰር ግሪጎሪ ሃርድላይንስ በሚል ስም ሰውየው መሆኑ በማይጠፋ መልክ ቀረጸው። ባለቤታቸው ቆይተው ትሮሎፕን ሲያገኙት እኛም በቤታችን ሰር ግሪጎሪ እያልን ነው የምንጠራቸው ብለው አሳቁት። የትሮሎፕ ክርክር ግን ሣቅ ብቻ አይደለም፤ ፈተና ዕውቀትን እንጂ ታማኝነትን አይለካም፤ ሠራተኛውን ሁሉ ሰነፍ ነው እያሉ ትጋት መጠበቅም አይቻልም ይላል። የሚያስደንቀው ደግሞ ያ ጥሬ ቡና የላከው የስንቅ ክፍል እስከ 1854 መጨረሻ ድረስ በትሬቨልያን በራሳቸው መሥሪያ ቤት፣ በግምጃ ቤቱ ሥር የነበረ መሆኑ ነው። ሌሎችን የሚነቅፍ ሪፖርት የጻፉት እጆች የራሳቸው ፋይል ነበራቸው።

እኔ በግሌ ከሁለቱ ደራስያን ለማን እንደምፈርድ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በመዝገብ ቤት በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ጡረተኛ ማመልከቻ ወደ እኔ ደረሰ። በጠርዙ ላይ «ይቆይ» የሚል ቃል ተጽፎበት ነበር፤ የጻፈው ሹም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውሯል። እስከ መቼ ይቆይ እንደ ተባለ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ለመጠየቅም አፈርኩ። ወረቀቱ በመደርደሪያዬ ውስጥ ሰባት ወር ቆየ። ሽማግሌው በመጣ ቁጥር በትሕትና «በሂደት ላይ ነው» እለው ነበር። ሰነፍ አልነበርኩም፤ በዚያው ጊዜ ብዙ መቶ ፋይሎች በሥርዐት አስገብቻለሁ። በኋላ ነገሩ ሲታወቅ ሹሙ ይቆይ ያልኩት ለሳምንት ነው አለ፤ እኔም የታዘዝኩትን ፈጸምኩ አልኩ፤ ሁለታችንም አልተወቀስንም።

እንግዲህ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ እንለፍ። ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በዚያው የዲከንስ መጽሐፍ መውጣት በጀመረበት በ1855 ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደንና ወዳጃቸው ጆን ቤል በ1860 ከተገደሉ በኋላ ካፒቴን ካሜሮን የተባለ አዲስ ቆንስል መጣ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1862፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ለካሜሮን ሰጡት። መልእክተኞቻቸውን ወደ ለንደን ለመላክ እንደሚፈልጉ፣ ቱርኮች ግን በባሕሩ በር ላይ ስላሉ መንገዱ እንዴት እንደሚሆን ንግሥቲቱ እንዲያስታውቋቸው ጠየቁ። የወዳጅነት ደብዳቤ ነው፤ የሚፈለገውም መልስ ነው።

ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ለንደን ገባ፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀብሎ አስቀመጠው። መልስ አልተጻፈም። በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርል ረስል ነበሩ፤ እኒህ አስቀድሜ ስማቸውን እንዲያስታውሱልኝ የለመንኳቸው ሎርድ ጆን ረስል ናቸው፤ በ1861 የኧርልነት ማዕርግ አግኝተዋል። በ1855 የጽሕፈት ቤቶች ጥፋት ይመርመር የሚለውን ሐሳብ አልቃወምም ብለው የለቀቁ ሰው ናቸው። ዲከንስም ያከብራቸው ስለ ነበረ በ1859 ያወጣውን «የሁለት ከተሞች ወግ» የተባለውን መጽሐፍ ለእርሳቸው መታሰቢያ አድርጎታል።

ደብዳቤው ተረስቶ ነው ወይስ ሆን ተብሎ ነው የቀረው? ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ብለዋል። የረስል መሥሪያ ቤት ፕላውደን በኢትዮጵያ የውስጥ ጉዳይ ገብቷል ብሎ ስለሚያስብ ካሜሮንን ወደ ምጽዋ ተመልሰህ ተቀመጥ፣ በአገሩ ፖለቲካ አትግባ ብሎ ያዝዘው ነበር። ከቱርክና ከግብፅ ጋር ያለውን ወዳጅነት ማበላሸትም አልፈለገም። እሺ ቢል ቱርክን ያስቀይማል፤ እምቢ ቢል ንጉሡን ያስቀይማል። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ መርሳትና መወሰን የሚለያዩ ነገሮች አይደሉም። ጽሕፈት ቤት ለማይመቸው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ መደርደሪያ ነው፤ ያን መልስ የሚፈርምበትም ሰው አይፈለግም። የፈርዲናንድ ባርናክል ትምህርት ማለት ይህ ነው።

ካሜሮን ያለ መልስ ተመለሰ። በ1863 መጨረሻ ከለንደን የመጣ ረዳቱ ፖስታ ይዞ ሲደርስ በውስጡ ብዙ ወረቀት ነበር፤ የንግሥቲቱ መልስ ግን አልነበረም። በጃንዋሪ 1864 ካሜሮንና ባልደረቦቹ ታሰሩ። እስራታቸው ለንደን በተሰማ ጊዜ በንግሥቲቱ ፊርማ የተጻፈ ደብዳቤ ሳይዘገይ ተዘጋጀና በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ተላከ። አሁን ደግሞ መልስ የሚጠብቀው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆነ፤ ራሳም ወደ አገር ውስጥ ለመግባት ፈቃድ እየጠየቀ በምጽዋ ሙቀት ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። ዐፄ ቴዎድሮስም ደጅ ማስጠናት ያውቁ ነበር። የንግሥቲቱ ደብዳቤ ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰው በ1866 መጀመሪያ፣ እርሳቸው ከጻፉ ከሦስት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንባብያን ሁሉ ያውቁታል፤ ራሳምም ታሰረ፤ ጄኔራል ናፒየር 44 ዝሆኖች ጭምር ይዞ ዘመተ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነው ሆነ።

የዐፄ ቴዎድሮስ ቁጣና በዚያ ዘመን በአገሪቱ ውስጥ የነበረው ችግር በነገሩ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ አንድ ደብዳቤ ብቻውን ጦርነት አያመጣም። ነገር ግን የመልሱ ዋጋ አንድ ወረቀት፣ ቀለምና የመርከብ ፖስታ ነበር። ለዘመቻው መጀመሪያ የተፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን በመጨረሻ የወጣው ወደ 9 ሚሊዮን ደረሰ። የእንግሊዝ ምክር ቤት ስለዚህ ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ ኮሚቴው ያጣራው ዘመቻው ለምን ይህን ያህል ገንዘብ እንደ ፈጀ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ በግልጽ ውድድር እንዲቀጠር የሚያዝዘው ትእዛዝ፣ ኖርዝኮትና ትሬቨልያን ካሳሰቡ ከ16 ዓመት በኋላ፣ ጁን 4 ቀን 1870 ወጣ። ዲከንስ ከአምስት ቀን በኋላ ጁን 9 ቀን ሞተ። ትእዛዙ በሁሉም መሥሪያ ቤቶች ላይ ሲጸና ሁለት ብቻ ሳይገቡበት ቀሩ፤ አንደኛው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ ሁለተኛው ያ ደብዳቤ የተቀመጠበት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው።